ከቦን እስከ ካይሮ፦ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሊቃውንትና የሃይማኖቶች ንግግር

(በአንድ የሕዝብ ንግግር ምሽት ላይ ያቀረብኩት ነው። ለንባብ እንዲመች አንዳንድ ቦታ አሳጥሬዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን አመሻችሁ። ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። በ1832 ጀርመን ውስጥ የቦን ዩኒቨርሲቲ ለተማሪዎቹ የሽልማት ጥያቄ አወጣ። በቁርኣን ውስጥ ከአይሁድ እምነት የመጣው የቱ ነው የሚል ጥያቄ ነው። መልሱ በላቲን መጻፍ ነበረበት። ጥያቄውን ያዘጋጀው የዐረብኛ መምህሩ ጌኦርግ ፍራይታግ ነው። ሽልማቱን የወሰደው ደግሞ አብርሃም ጋይገር የሚባል የ22 ዓመት ወጣት ነበር። ክርስቲያን መምህር ስለ ሙስሊሞች መጽሐፍ ጠየቀ፣ አይሁዳዊ ተማሪ መለሰ። የዛሬው ንግግሬ ከዚህ ይነሳል።

የማወራው ስለ ሃይማኖት ተሐድሶና ሃይማኖቶች እርስ በርስ ስላደረጉት ንግግር ነው። ተሐድሶ ስል እዚህ አገር ያለውን ጭቅጭቅ ማለቴ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓና መካከለኛው ምሥራቅ ውስጥ የነበረውን ነው። ላሳያችሁ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። የሌላውን ሃይማኖት ከልባቸው ያጠኑት ሰዎች የራሳቸውን እምነት አጥብቀው የጠየቁት ናቸው። እኛ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ተቃራኒውን ነው። ከሌላ እምነት ሰው ጋር ቁጭ ብሎ የሚነጋገር ሰው እምነቱ የላላ ነው ይባላል። የእነዚህን ሰዎች ሕይወት ስታዩ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ጋይገር የተወለደው በ1810 ፍራንክፈርት ውስጥ ነው። ቤተሰቡ ወግ አጥባቂ አይሁድ ናቸው። የአይሁድ ሊቃውንት የሕግና የትርጓሜ መጽሐፍ የሆነውን ታልሙድ የተማረው ገና በልጅነቱ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ዐረብኛ ጨመረበት። ለቦኑ ጥያቄ የሚያስፈልገው ዕውቀት ሁለቱም ወገን እጁ ላይ ነበር ማለት ነው። መልሱን በ1833 በጀርመንኛ አሳተመው። የማርቡርግ ዩኒቨርሲቲም በዚሁ ሥራ ዶክትሬት ሰጠው።

ከመጽሐፉ አንድ ቦታ ላሳያችሁ። ቁርኣን በአል-ማኢዳ ምዕራፍ ውስጥ የአዳምን ሁለት ልጆች ታሪክ ይነግራል። አንደኛው ወንድሙን ይገድላል። ወዲያው ቀጥሎ፣ በ32ኛው አንቀጽ፣ ለእስራኤል ልጆች የተደነገገ ነገር ይመጣል። አንዲትን ነፍስ ያለ ጥፋቷ የገደለ ሰዎችን ሁሉ እንደገደለ ነው። አንዲትን ነፍስ ሕያው ያደረገ ደግሞ ሰዎችን ሁሉ ሕያው እንዳደረገ ነው። ጋይገር ይህን ከሚሽና ጋር ጎን ለጎን አስቀመጠው። ሚሽና በ200 ዓ.ም. አካባቢ የተሰበሰበ የአይሁድ የቃል ሕግ ነው። እዚያም ዳኞች ምስክሮችን ሲያስጠነቅቁ የቃየንንና የአቤልን ታሪክ ያነሳሉ። ከዚያ ይቀጥሉና አንዲት ነፍስ ያጠፋ ዓለምን ሁሉ እንዳጠፋ ይቆጠራል ይላሉ። የሁለቱም ቅደም ተከተል አንድ ነው። መጀመሪያ የወንድማማቾቹ ታሪክ፣ ቀጥሎ የአንዲት ነፍስ ክብር።

ይህን ዓይነት ንጽጽር ማድረግ የሚችለው ሁለቱንም መጻሕፍት የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። ጋይገር ሌላም ነገር አደረገ። ያኔ አውሮፓ ውስጥ ስለ ነቢዩ መሐመድ የሚጻፈው አብዛኛው ስድብ ነበር። አታላይ ነው ይሉ ነበር። ይሄ ልጅ ግን መሐመድ በተልእኮው ከልቡ ያምን ነበር ብሎ ጻፈ። በ1833 ይህን በአውሮፓ ቋንቋ ማተም ቀላል ነገር አይደለም።

ቅሬታ ግን አለኝ፤ አልደብቀውም። መጽሐፉ እስልምናን እንደ ተበዳሪ፣ የአይሁድን እምነት እንደ አበዳሪ አድርጎ ነው የሚያየው። አንድ ሙስሊም ያንኑ አንቀጽ ሲያነብ ሌላ ነገር ያያል። ቁርኣኑ ራሱ ሕጉ ለእስራኤል ልጆች የተደነገገ መሆኑን በግልጽ ይናገራል። ለሙስሊሙ መመሳሰሉ የሚያሳየው የሁለቱ ምንጭ አንድ መሆኑን ነው። ይህ መልስ በጋይገር መጽሐፍ ውስጥ ቦታ አላገኘም። ጋይገር የተከራከረው ከመጻሕፍት ጋር እንጂ መልስ ሊሰጠው ከሚችል ሙስሊም ጋር አልነበረም። ወደዚህ በኋላ እመለሳለሁ።

እንዲህ ያለ ጎበዝ ተማሪ ታዲያ ለምን ፕሮፌሰር አልሆነም? አይሁዳዊ ስለሆነ ነው። ያኔ ቦንን የምትገዛው የጀርመን መንግሥት ፕሩሺያ ከ1822 ጀምሮ አይሁዳውያን በዩኒቨርሲቲ እንዳያስተምሩ ከልክላ ነበር። ወንበር የፈለገ ይጠመቃል። በ1819 በርሊን ውስጥ አይሁዳውያን ወጣቶች የራሳቸውን ታሪክ በሳይንሳዊ መንገድ ለማጥናት ማኅበር መሥርተው ነበር። ከመሪዎቹ አንዱ የሕግ ሊቁ ኤድዋርድ ጋንስ ነው። እሱ በ1825 ተጠመቀ፣ በዓመቱ በርሊን ውስጥ ፕሮፌሰር ሆነ። ገጣሚው ሃይንሪሽ ሃይነም የዚሁ ማኅበር አባል ነበር። እሱም በዚያው ዓመት ተጠመቀ። የጥምቀት ወረቀት የአውሮፓ ባህል መግቢያ ትኬት ነው ያለው እሱ ነው። ይህን የምነግራችሁ ንግግሩ በእኩልነት መሬት ላይ እንዳልተጀመረ እንድታውቁልኝ ነው። አንዱ ወገን ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሌላው በር ላይ ቆሟል።

ጋይገር አልተጠመቀም። ረቢ ሆነ። መጀመሪያ ቪስባደን፣ ከዚያ ብረስላው። ብረስላው ዛሬ ፖላንድ ውስጥ ያለችው ቭሮትስዋፍ ናት። በ1838 ማኅበረሰቡ ሲመርጠው ነባሩ ረቢ ሰሎሞን ቲክቲንና ደጋፊዎቹ እንቢ አሉ። ለመንግሥት አቤቱታ አቀረቡ። ጋይገር የፕሩሺያ ዜግነት እስኪያገኝ ከአንድ ዓመት በላይ ጠበቀ። ሥራ የጀመረው በ1840 መጀመሪያ ላይ ነው። ጠቡ ግን አልበረደም፤ ማኅበረሰቡ ለሁለት ተከፈለ። እኛም እንዲህ ያለ ነገር በየደብሩና በየመስጊዱ ስላየን ብዙ ማብራራት አያስፈልገኝም።

ጠቡ ስለ ምን ነበር? ስለ ጸሎት፣ ስለ ምግብ ሕግ፣ ስለ ሰንበት፣ ወደ ኢየሩሳሌም ስለመመለስ ተስፋ። ከሁሉም በላይ ግን ሥር ያለው ጥያቄ አንድ ነው፤ ሕጉ በዘመናት ውስጥ ተለውጧል ወይስ አልተለወጠም? ጋይገር ሁልጊዜም ተለውጧል ባይ ነው። የጥንት ሊቃውንት በየዘመናቸው አሻሽለውታል፣ እኛም መብቱ አለን ይላል። ቦን ሳሉ አብረውት የስብከት ልምምድ ማኅበር ያቋቋሙት ጓደኛው ሳምሶን ራፋኤል ሂርሽ ግን የወግ አጥባቂው ወገን መሪ ሆነ። ሕጉ ከሲና ተራራ የመጣ ነው፣ ሰው የሚነካው አይደለም አለ። ሁለቱ ወዳጆች በጽሑፍ ተፋለሙ።

በ1845 ፍራንክፈርት ላይ የተሐድሶ ረቢዎች ተሰበሰቡ። አጀንዳው ላይ ጸሎት በዕብራይስጥ ብቻ መሆን አለበት ወይ የሚል ነበር። ይህ ጥያቄ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ቅዳሴ በግዕዝ ወይስ በአማርኛ የሚለውን ሰምታችኋል። ጋይገር በዚያ ስብሰባ ላይ ቆሞ ልቤን የሚነካኝ በጀርመንኛ የሚደረገው ጸሎት ነው አለ። ዕብራይስጥ ለጸሎት የግድ አያስፈልግም የሚለው ወገን በጠባብ የድምፅ ብልጫ አሸነፈ። ዛካሪያስ ፍራንክል የሚባለው የድሬስደን ረቢ ስብሰባውን ጥሎ ወጣ። ፍራንክል ለውጥን የሚጠላ ሰው አልነበረም። ግን ሕዝብ ለሺህ ዓመታት የጸለየበትን ነገር በእጅ ማውጣት መጣል አይቻልም ብሎ ያምናል። እውነቱን ለመናገር እዚህ ላይ ልቤ ወደ ፍራንክል ያደላል። በጋይገር ወገን ከነበሩት አንዳንዶቹ የሚያፍሩት በጎረቤት ክርስቲያን ዓይን እየታዩ ነበር። ጎረቤት ምን ይለኛል ብሎ ጸሎቱን የሚቀይር ሰው ጎረቤቱን በእኩል ዓይን ሊያነጋግር አይችልም።

ጋይገር ግን እዚያ አልቆመም። በ1857 ስለ መጽሐፍ ቅዱስ ጥንታዊ ቅጂዎች ትልቅ ጥናት አወጣ። እዚያ ውስጥ ፈሪሳውያንን በአዲስ ዓይን አየ። በሰንበት ትምህርት ቤት የምናውቃቸው ፈሪሳውያን ግብዞች ናቸው። የጀርመን የነገረ መለኮት ፕሮፌሰሮችም እንደዚያው ያስተምሩ ነበር፣ አብዛኞቹም ሚሽናን ሳያነቡ። ጋይገር ግን ፈሪሳውያን የዘመናቸው አሻሻዮች ናቸው አለ። ሕጉን ከካህናት ቤተሰቦች እጅ አውጥተው ለሕዝቡ ያቀረቡ ናቸው። በ1864 ደግሞ ባወጣው የአይሁድ ታሪክ መጽሐፍ ኢየሱስ የገሊላ አይሁዳዊ፣ በአስተሳሰቡም ፈሪሳዊ ነበር ብሎ ጻፈ።

ይህ ለክርስቲያን ጆሮ ይከብዳል። እዚህ ላላችሁ ለብዙዎቻችሁም ይከብዳል፤ ይገባኛል። ጋይገር ኢየሱስ ምንም አዲስ ሐሳብ አላመጣም እስከ ማለት ደርሷል፣ በዚህም ከልኩ አልፏል ባይ ነኝ። ግን ከሥሩ ያለው ጥያቄ ትክክል ነበር። ስለ ኢየሱስ ዘመን የምትናገሩ ከሆነ የዚያን ዘመን ሕዝብ መጻሕፍት አንብቡ ነው የሚለው።

መልስ የሰጠው ፍራንዝ ዴሊች ነው። ዴሊች የሉተራን ነገረ መለኮት ሊቅ ነው። አይሁድ ክርስቶስን እንዲቀበሉ የሚሠራ፣ ለዚሁም አዲስ ኪዳንን ወደ ዕብራይስጥ የተረጎመ ሰው ነው። በ1866 ኢየሱስንና በዚያው ዘመን አካባቢ የነበረውን ረቢ ሂሌልን እያነጻጸረ ለጋይገር መለሰ። መልሱ ጠንካራ ነው። ግን ያነበበ ሰው መልስ ነው፤ የረቢዎቹን መጻሕፍት ጠንቅቆ ያውቃል።

ይህ ልዩነት የቱን ያህል ዋጋ እንዳለው የታየው በኋላ ነው። በ1871 አውጉስት ሮሊንግ የሚባል የካቶሊክ ካህንና መምህር ታልሙድን የሚያጠለሽ መጽሐፍ አወጣ። ጥቅሶቹ የተጣመሙ ናቸው። መጽሐፉ ግን እንደ ጉድ ተሸጠ። በ1882 ሃንጋሪ ውስጥ ቲሳኤስላር በምትባል መንደር አንዲት ልጅ ስትጠፋ አይሁድ ለሃይማኖት ሥርዓት ገድለዋታል ተባለ። ሮሊንግ ለክሱ በመሐላ ልመስክር አለ። ተከሳሾቹ በ1883 ነፃ ወጡ። ቪየና ውስጥ ረቢ ዮሴፍ ብሎህ ሮሊንግን በጋዜጣ ውሸታም አለው። ሮሊንግ ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ የመረጣቸው ሊቃውንት ጥቅሶቹን አንድ በአንድ መረመሩ። በ1885 ችሎቱ ሊጀመር ሲል ሮሊንግ ክሱን ትቶ ሸሸ። ሮሊንግን ቀደም ብሎ በጽሑፍ ካጋለጡት ክርስቲያኖች መካከል ማን እንዳለ ታውቃላችሁ? ዴሊች። አይሁዶች ክርስቲያን እንዲሆኑ ዕድሜ ልኩን የሠራው ዴሊች። ከጋይገር ጋር መስማማት አላስፈለገውም። የአይሁድን መጻሕፍት ያውቃል፣ ሮሊንግ የሚዋሽ መሆኑንም ያውቃል፣ ስለዚህ ዝም አላለም።

አሁን ደግሞ ወደ እኛ መጻሕፍት ልምጣ። ይህን ክፍል ስናገር ደስ ይለኛል።

መጽሐፈ ሄኖክንና መጽሐፈ ኩፋሌን እናውቃቸዋለን። በቤተ ክርስቲያናችን ከመጽሐፍ ቅዱስ ይቆጠራሉ፣ ቤተ እስራኤልም ያከብሯቸዋል። አውሮፓ ውስጥ ግን ለብዙ ዘመን ሙሉ መጽሐፋቸው ጠፍቶ ነበር። ጄምስ ብሩስ በ1773 የሄኖክን የግዕዝ ቅጂዎች ከኢትዮጵያ ይዞ ተመለሰ። በ1821 ኦክስፎርድ ላይ ወደ እንግሊዝኛ ተተረጎመ። ከዚያ አውጉስት ዲልማን መጣ። ቱቢንገን የተማረ ፕሮቴስታንት ነው። ግዕዝን እንደ እሱ ያወቀ አውሮፓዊ ከእሱ በፊት አልነበረም ብል አላጋነንኩም። የሄኖክን ግዕዝ በ1851 አሳተመ። ሚሲዮናዊው ክራፕፍ ካመጣው ቅጂ ኩፋሌን ወደ ጀርመንኛ ተረጎመ፣ በ1859 ደግሞ ግዕዙን አወጣ።

ኩፋሌ በጀርመንኛ ሲወጣ አይሁዳውያን ሊቃውንት ተሯሯጡበት። መጽሐፉ የዘፍጥረትን ታሪክ እንደገና ይተርካል። የዓመቱ ቀን 364 ነው፤ ልክ 52 ሳምንት። ስለዚህ በዓል ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት የሳምንት ቀን ይውላል። ከረቢዎቹ የጨረቃ አቆጣጠር ጋር አይገጥምም። ታዲያ የማን መጽሐፍ ነው? አዶልፍ የሊኔክ የኤሴናውያን ነው አለ፤ ኤሴናውያን በማኅበር ተለይተው ይኖሩ የነበሩ ጥንታዊ የአይሁድ ወገን ናቸው። ቅድም ከፍራንክፈርት ስብሰባ ወጣ ያልኳችሁ ፍራንክል የግብፅ አይሁድ የጻፉት ነው አለ። በርንሃርድ ቤር የሚባል የድሬስደን ሊቅ ደግሞ በ1856 ከረቢዎች ትርጓሜ ጋር እያነጻጸረ ሙሉ ጥናት ጻፈ። የጥንት አይሁድ እምነት አንድ ወጥ እንዳልነበር፣ በውስጡ ብዙ ድምፅ እንደነበረ ማስረጃው በእጃቸው ገባ። ለተሐድሶውም ለተቃዋሚውም ትልቅ ነገር ነው። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ሙት ባሕር አጠገብ ቁምራን ዋሻዎች ውስጥ የኩፋሌ የዕብራይስጥ፣ የሄኖክ የአራማይክ ቁርጥራጮች ተገኙ። ሙሉውን ያቆየው ግን ግዕዙ ነው።

በየገዳሙ ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው እነዚህን መጻሕፍት የገለበጡት አባቶች ስማቸው በዚያ ክርክር ውስጥ አልተጠራም። ያለ እነሱ ድካም ግን ድሬስደንና ላይፕዚግ ላይ የተከራከሩት ሰዎች የሚከራከሩበት ነገር አይኖርም ነበር። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ጋይገር መልስ ሊሰጠው ከሚችል ሙስሊም ጋር አልተነጋገረም ብዬ ነበር። ይህን ያደረገው ኢግናዝ ጎልድዚሄር ነው።

ጎልድዚሄር በ1850 ሃንጋሪ ውስጥ ተወለደ። በ12 ዓመቱ ስለ አይሁድ ጸሎቶች አመጣጥ ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። አዎ፣ በ12 ዓመቱ። ጸሎቶቹ በየዘመኑ እየተጨመሩ የመጡ ናቸው የሚል ነው። የከተማው አይሁድ ይሄ ልጅ ከሃዲ ነው አሉ። ሃያ ዓመት ሳይሞላው ላይፕዚግ ውስጥ ዶክትሬቱን ያዘ። በ1873 የሃንጋሪ መንግሥት ወደ ምሥራቅ ላከው። ደማስቆ ደረሰ፣ ኢየሩሳሌም ደረሰ፣ ከዚያ ካይሮ ገባ።

ካይሮ ሲደርስ አውሮፓውያን እንደሚያደርጉት መጽሐፍ ሸምቶ ለመመለስ አልፈለገም። አል-አዝሃር ገብቼ ልማር አለ። አል-አዝሃር ሙስሊም ላልሆነ ሰው ክፍት አልነበረም። ለባለሥልጣናቱ አመለከተ፣ ትልቁ ሼህ ፊት ቀርቦ ተጠየቀ፣ ተፈቀደለት። ትምህርቱ እንዲህ ነው። ሼሁ ዓምድ ሥር ይቀመጣል። ተማሪዎቹ ዙሪያውን ምንጣፍ ላይ። ሼሁ ጽሑፉን ያነባል፣ ይፈታል፣ ተማሪ ይጠይቃል። የቆሎ ተማሪ የነበረ ሰው ወዲያው ያውቀዋል። የእኛ አገር ልጆችም እዚያ ነበሩ። ከየአገሩ የመጡ ተማሪዎች ሪዋቅ የሚባል የራሳቸው ማደሪያ አላቸው፤ ከእኛ አካባቢ የሄዱት የጀበርቲዎች ሪዋቅ ነበራቸው። ታላቁ የግብፅ ታሪክ ጸሐፊ አብዱረሕማን አል-ጀበርቲ ከዚያ ቤተሰብ ነው፤ አባቶቹ ሪዋቁን ይመሩ ነበር።

ጎልድዚሄር በኋላ በማስታወሻው ላይ እዚያ ያሳለፋቸውን ወራት አንስቷል። በውስጡ ሙስሊም እንደሆነ እስኪሰማው ደርሶ ነበር። አንድ ዓርብ በወዳጁ እርዳታ መስጊድ ገብቶ ከብዙ ሺህ ሰው ጋር ግንባሩን መሬት ላይ አድርጎ ሰገደ። በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ከልቡ የጸለየበት ጊዜ እንደሌለ ጽፏል። ግን እምነቱን አልቀየረም። ያየው ነገር የራሱን ሃይማኖት ወደዚያ ከፍታ ለማድረስ እንዲመኝ አደረገው። በሌላው ቤት ያየውን መልካም ነገር ለራሱ ቤት ተመኘ። በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ከዚህ በላይ የሚነካኝ ሰው የለም።

ካይሮ ውስጥ ጀማሉዲን አል-አፍጋኒንም አገኘ። አፍጋኒ ያኔ ወጣቶችን ሰብስቦ ስለ እስልምና መታደስ የሚያስተምር ሰው ነው። በኋላ የግብፅ ሙፍቲ የሆኑት መሐመድ አብዱህ ከተማሪዎቹ አንዱ ናቸው። ይኸው አፍጋኒ በ1883 ፓሪስ ነበር። በመጋቢት ወር ኤርነስት ሬናን ሶርቦን ላይ ንግግር አደረገ። እስልምና የሳይንስ ጠላት ነው፣ የዐረብ አእምሮም ለፍልስፍና አይሆንም አለ። ሬናን ማለት በዘመኑ የፈረንሳይ ትልቁ ምሁር ነው። አፍጋኒ በግንቦት ወር በአንድ ትልቅ የፓሪስ ጋዜጣ መለሰለት። ሃይማኖት ከሳይንስ ጋር መጋጨቱን አልካደም። ግን ይህ የሁሉም ሃይማኖት ታሪክ ነው፤ ክርስትና በዕድሜ ብዙ መቶ ዓመት ይበልጣል፣ እስልምናም ጊዜ ይሰጠው አለ። ሬናንም በማግስቱ አክብሮ መልሶ ጻፈ። አብዱህ ራሱ ቤሩት በስደት ሳለ ከእንግሊዛዊው ቄስ አይዛክ ቴይለር ጋር ስለ ሃይማኖቶች መቀራረብ ተጻጽፏል።

ጎልድዚሄርን ቅዱስ አድርጌ እንዳልተውላችሁ። በ1890 ባወጣው ሥራ ብዙዎቹ ሐዲሶች (ነቢዩ ተናገሩ፣ አደረጉ ተብለው የሚተረኩት) ከነቢዩ በኋላ የተነሱ ክርክሮችን የሚያንፀባርቁ ናቸው ብሎ ጻፈ። በ12 ዓመቱ በራሱ ጸሎት ላይ ያነሳው ጥያቄ ነው፤ አሁን በሙስሊሞች መጽሐፍ ላይ አነሳው። ሙስሊም ሊቃውንት አጥብቀው ተከራክረውታል፣ እስከ ዛሬም ይከራከሩታል። መብታቸው ነው። እሱም ቢሆን የሚከራከረው ሰው ቢያገኝ የሚጠላ አይመስለኝም።

በመጨረሻ ጥቂት ስለ አገራችን። በ1860 ሄንሪ ስተርን የሚባል ሚሲዮናዊ ጎንደር አካባቢ መጣ። ጀርመን ውስጥ ከአይሁድ የተወለደ፣ ለንደን ላይ የተጠመቀ ሰው ነው። ቤተ እስራኤልን ሊያጠምቅ ነው የመጣው። ውዝግቡ በ1862 እስከ ዐፄ ቴዎድሮስ ፊት ደረሰ። በዚያው ዓመት አባ ማኅሪ የሚባሉ የቤተ እስራኤል መነኩሴ ሕዝባቸውን ይዘው ወደ ኢየሩሳሌም በእግር ተነሱ። ብዙዎቹ ትግራይ ውስጥ በረሃብና በበሽታ አለቁ።

ከአምስት ዓመት በኋላ ዮሴፍ ሃሌቪ መጣ። የኤዲርኔ ተወላጅ፣ የሴማዊ ቋንቋዎች ሊቅ ነው። የላከው ፓሪስ ያለው የአይሁድ ማኅበር ነው። የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ በሚዘምትበት ወቅት በምፅዋ በኩል ገባ። ቤተ እስራኤሎችን ሲያገኝ እኔም ወገናችሁ ነኝ አላቸው። አላመኑትም። ነጭ ሆነህ ከእኛ ወገን? እየቀለድክብን ነው አሉት። ደጋግመው ስለ ክርስትና ሊሰብኳቸው የመጡ ነጮች አይተዋል። ሲነጋገሩ ግን ሳያስበው ኢየሩሳሌምን ጠራ። ያኔ ፊታቸው ተለወጠ። ኢየሩሳሌምን አይተሃታል ወይ፣ ጽዮንን አይተሃታል ወይ ብለው በጥያቄ ከበቡት። ሃሌቪ ጸሎቶቻቸውን በግዕዝ ይዞ ተመለሰ፣ በ1877 አሳተመው። የላከው ማኅበር ግን ሪፖርቱን ተቀብሎ ብዙም አልሠራበትም። ተማሪው ዣክ ፋይትሎቪች የመጣው በ1904 ነው። ፋይትሎቪች ትምህርት ቤት ከፍቷል፣ ለሕዝቡ ብዙ ደክሟል። ግን የመሥዋዕታቸውንና የምንኩስናቸውን ሥርዓት ከአውሮፓ አይሁድ ጋር እንዲመሳሰል ገፍቷል። ተሐድሶ ከውጭ ሲመጣ የሚያጠፋውም አለ።

በ1878 ደግሞ ቦሩ ሜዳ ላይ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ የጠሩት ጉባኤ ተቀመጠ። ለረጅም ዘመን የቆየው የነገረ ክርስቶስ ክርክር እዚያ በንጉሡ ፊት ተቋጨ። የወሎ ሙስሊሞችም እንዲጠመቁ ታዘዘ። ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ በኋላ ንጉሥ ሚካኤል የምንላቸው ናቸው። ሼህ ጦልሃ ግን እምቢ ብለው ተነሱ። የፓሪሱና የቦሩ ሜዳው ክርክር ልዩነታቸው አምስት ዓመት ብቻ ነው። ፓሪስ ላይ አፍጋኒ መልሱን የሚያትምበት ጋዜጣ አገኘ። ቦሩ ሜዳ ላይ የተሸነፈ መልስ የሚጽፍበት ቦታ አልነበረውም።

ንግግሬ እዚህ ላይ ያበቃል። ከተጠየቁት ጥያቄዎች ሁለቱን ከነመልሳቸው ላክልላችሁ።

አንዲት እህት ለእኛስ ምን ይሁን ብላ ጠየቀች። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ውስጥ የግዕዝም የዐረብኛም ጥንታዊ ጽሑፎች በአንድ ጣሪያ ሥር ይገኛሉ አልኳት። የወሎ ሼኾች በዐረብኛ ፊደል በአማርኛ የጻፏቸው መንዙማዎች አሉ። ግዕዝ የተማረ ልጅ ዐረብኛ ይጨምርበት፣ ዐረብኛ የተማረ ልጅ ግዕዝ ይጨምርበት። የቦኑን ጥያቄ ደግሞ አሁን ሁለቱም ወገን ባለበት አብረው ይመልሱት።

አንድ አባት ደግሞ እነዚህ ሰዎች እንዲህ ሲጠይቁ ኖረው መጨረሻ ላይ እምነታቸውን አልጣሉም ወይ አሉኝ። አልጣሉም፣ አባቴ። ጋይገር በ1874 ሲሞት በርሊን ውስጥ ረቢ ነበር። ጎልድዚሄር ከካይሮ ሲመለስ ተስፋ ያደረገውን የፕሮፌሰርነት ወንበር አጣ። ለ30 ዓመት የፔሽት አይሁድ ማኅበረሰብ ጸሐፊ ሆኖ በደመወዝ ሠራ፤ መጻሕፍቱን የጻፈው ከሥራ ሰዓት ውጪ ነው። ካምብሪጅ ና ብሎት አልሄደም። ሙሉ ፕሮፌሰር የሆነው በ1905፣ በ55 ዓመቱ ነው። በ1921 ቡዳፔስት ውስጥ አይሁዳዊ ሆኖ ሞተ። ወደ 6000 የሚጠጉ መጻሕፍቱ ኢየሩሳሌም ወደሚገኘው የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ሄደዋል።